ውሃ መሳዩ ጀሪካን

ሰመራ ዳር የመኪና ባምፐር ክሮም የሚነከርበት አንድ ወርክሾፕ አለ። ፋሪሃ ከባቲ መጥታ የወርክሾፑ መጋዘን ጠባቂ ሆነች። ጠባቂ ትባል እንጂ ሥራዋ ጭንቀት ነበር። ባለቤቱ አቶ ይገዙ ተሠርቶበት የተቃጠለውን አሲድ በቢጫ የዘይት ጀሪካን እየሞላ አጥር ሥር ይደረድረዋል። በዚያ አገር ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ማለት ውሃ ነው፤ ውሃም ለመንገደኛ አይከለከልም።

የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ አብዱናሲርም እንደ ልማዱ ሳይጠይቅ አነሳ። ወደ አፉ ሲያስጠጋው ፋሪሃ ሮጣ ከእጁ መታ ጣለችው።

«ውሃ ትከለክያለሽ?» አለ ተቆጥቶ።

በፈሰሰበት ሲሚንቶው አረፋ ሲደፍቅ አሳየችው። ሰውዬው ሲሚንቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከእሷ ላይ መንቀል አቃተው። ምን ያድርግ!

ከዚያ ወዲያ ሰበብ አላጣም። አንዴ በጀሪካኖቹ አንገት የሚታሰር ቀይ ጨርቅ፣ አንዴ ለመጠለያቸው ቆርቆሮ፣ በመጨረሻም ለመጠለያው የብረት በር ከነቁልፉ አመጣላት። ሌላው ለወደዳት ሽቶ ያመጣል፣ እሱ በር! እሷ ግን በሩን ስታይ አለቀሰች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ጭንቀቷን የተጋራት ሰው አልነበረም።

አዋሽ ያሉት የእሱ እናት አልጋ ከያዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስለዚህ ሊጋቡ ሲወስኑ ኒካሁም ኑሮውም እዚያ እንዲሆን ተስማሙ። ፋሪሃ በምትኳ ሰው እንዲቀጠርና እንድታለማምደው አቶ ይገዙን ብትለምን፣ ለጀሪካን ደግሞ ምን ዘበኛ ያስፈልገዋል ብሎ ሳቀባት። ቁልፉን አስረክባ፣ ሻንጣዋን ይዛ የአብዱናሲር መኪና ጋቢና ወጣች። ሎጊያ እስኪደርሱ ወደ ኋላ እየዞረች ታያለች።

«ምን ሆንሽ?»

«አቶ ይገዙ ቁልፉን በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀለው። ዛሬ ደግሞ ቦቴው ውሃ አላመጣም፤ ሰዉ ተጠምቷል።»

አብዱናሲር መኪናውን ዳር አስያዘ። ሞተሩን አጠፋ።

«ወላሂ እውነቱን ንገሪኝ፣ ፋሪሃ። ጀሪካን ከእኔ ይበልጣል?»

«ያን ቀን ጠጥተኸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አትጠይቀኝም ነበር።»

ወርዶ ሻንጣዋን አወረደላት፣ ባጃጅ አስቆመላት፣ ባለባጃጁንም ቀስ ብሎ እንዲነዳ አደራ አለው።

ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንድ ጫኝና አውራጅ ቀዩን ጨርቅ ፈቶ ጥሎ ክዳኑ ላይ ይታገላል። ሳይጠጣ ደረሰችበት።

ይኸው ዓመት ሆነው፤ በምትኳ የተቀጠረ ሰው የለም። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ሰው አላት እንዳይባል እራቷን ብቻዋን ትበላለች፤ የላትም እንዳይባል በአሥራ አምስት ቀን አንዴ የእሱ መኪና በደጇ ያልፋል። አይቆምም። ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል። እሷም በሩ ላይ ቆማ፣ እንደማይሰማት እያወቀች፣ «በሰላም ግባ» ትለዋለች።