ካለ አምጣው፣ ከሌለ ፍጠረው

ከኢያቄም ጋር ያገናኘኝ የአባቴ አጎት ስጋት ነው። እኚህ አጎት፣ ጋሽ ገብረሕይወት፣ የቤተሰባችን ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው ወዲህ «እኔ ስሞት ዘር ቆጣሪ አይኖርም» የሚል ሐሳብ ገባቸውና የዘር ሐረጋችን ኮምፒውተር ላይ ይስፈር ብለው አዘዙ። ከቤተሰቡ ኮምፒውተር የምታውቀው ፀሎት ናት ተባለና እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ማወቄ እንኳ ከማብራትና ከማጥፋት ብዙም አያልፍም ነበር።

ጊዜው 2005 ዓ.ም. ነው። ፕሮግራሙን እንዲሠራ የተቀጠረው የኢያቄም ቢሮ ካዛንቺስ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ያለች፣ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ክፍል ነበረች። ከሥራ ስወጣ አዛውንቱ ያስጻፉኝን ስም ይዤለት እሄዳለሁ።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መዝገብ እንከፍታለን። መዝገቡ ወደ አባቱና ወደ እናቱ መዝገብ ይጠቁማል። የእነሱም ወደ ወላጆቻቸው ይጠቁማል። በቃ፣ እንደዚህ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።»

«እስከ የት?»

«ሰው እስካስታወሰበት ድረስ።»

ችግሩ ጋሽ ገብረሕይወት አንዱን ቅድመ አያት በየልጁ በኩል አሥር ጊዜ ማስጻፋቸው ነው። ኢያቄም የሚሠራበት ጃንጎ የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ለዚህ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለው። ስምና የአባት ስም ሲገባ መዝገቡን ይፈልጋል፤ ካለ ያመጣዋል፣ ከሌለ ይፈጥረዋል።

«ሁለት ሰዎች በስምም በአባት ስምም ቢመሳሰሉስ?» አልኩት።

«የተቀበሩበትን ደብር እንጨምርበታለን። ግን እሱ ለሁለተኛው እትም፣ ለቨርዥን ሁለት ይቆይ። ማለቴ፣ አዛውንቱ ለፋሲካው የማኅበር ጉባኤ ካልደረሰ እያሉ አይደል?»

ሳቅሁ። ሥራው ቨርዥን ሁለት ድረስ ቢጓተት ከእኔ በላይ ደስ የሚለው ሰው አልነበረም።

ማታ ማታ ወደ መስቀል አደባባይ ይሸኘኛል። መንገዱ ለባቡሩ ተቆፋፍሮ አቧራው አያድርስ ነው። ኢያቄም ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በመኪና መንገዱ በኩል እሱ ይሆናል። ብዙ አያወራም። ከሰው ጋር ዝም ብዬ ስሄድ የማላፍረው ከእሱ ጋር ብቻ ነበር። እወደው ነበር፤ ይህን ዛሬ ብደብቀው ለማን ይጠቅማል?

አንድ ቀን አደባባዩ ደረጃ ላይ አረፍ ስንል፣ ጫማውን እያየ «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ነው። ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«ጋሽ ገብረሕይወት መጀመሪያ ሰባት ቤት ያስቆጥሩሃል» አልኩት። በእኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሥጋ ዝምድና ያላቸው አይጋቡም።

«ኮምፒውተሩ ይቁጠርልኝ!» ብሎ ሳቀ። ያን ቀን እጄን እስከ ታክሲው ድረስ አልለቀቀም።

በማግሥቱ ለጨዋታ ያህል አባቶቹን አስገባሁ። እሱ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አምስተኛው ላይ «ገበያው ተካ» አለ። ጻፍኩ። ከዚያ የእኔንና የእሱን ስም መርጬ «ዝምድና ፈልግ» የሚለውን ተጫንኩ።

*ዝምድና አለ። አምስተኛ ቤት። ገበያው ተካ።*

ኦቾሎኒው እጁ ላይ ቀረ።

«እናንተ ከመንዝ፣ እኛ ከቡልጋ…» አለ።

«ጎረቤት አገር ነው» አልኩት።

ከታች የፀጉር ማድረቂያው ይጮሃል። ኢያቄም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ላጥፋው? ማንም እኮ አያውቅም» አለኝ።

«እኔና አንተ አውቀናል።»

ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። ለማንስ ይነገራል? ፍቅራችንን ያላወቀ ቤተሰብ መርዶውን አይሰማም። እሱ የአባቶቹን ስሞች አጥፍቶ ሥራውን ለፋሲካው ጉባኤ አስረከበ፤ እኔ ስልኩን ማንሳት ተውኩ። ጉባኤው ላይ ጋሽ ገብረሕይወት ተመሰገኑበት፣ ተጨበጨበ፣ እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በሦስተኛው ዓመት ሌላ ሰው አገባሁ። ደግ ሰው ነው፤ አላማርርበትም።

በ2011 የአጎቴ ልጅ ስመኝ ልታገባ ሆነ። ያኔ ማኅበሩ ሳይመረምር ሽማግሌ የማይቀበልበት ዘመን ደርሶ ነበር። እጮኛዋም የቡልጋ ሰው ነው፤ የአባቶቹ ስም ገባና ኮምፒውተሩ ያንኑ ስም አወጣ፤ ገበያው ተካ። ስመኝ እቤቴ መጥታ ጉልበቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እንደ እኔ ተደብቃ የምታለቅስ ልጅ አልነበረችም። «አንድ ነገር አድርጊ እንጂ ፀሎት!» አለችኝ።

ያኔ ኢያቄምን ስለ ተመሳሳይ ስሞች የጠየቅሁት ትዝ አለኝና እጇን ይዤ ጋሽ ገብረሕይወት ዘንድ ሄድኩ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ልባቸው ግን ንቁ ነው።

«አባባ፣ ገበያው ተካ የት ነው የተቀበሩት?»

«የቱ ገበያው?» አሉኝ።

«ሁለት ገበያው ተካ አሉ እንዴ?» አልኩ።

«የእኛው መንዝ ነው ያረፈው። የቡልጋው በቅሎ ነጋዴ ነበር፤ ከእኛ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?»

ስመኝ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔ ለራሴ ያልጠየቅሁትን ለእሷ ጠየቅሁ።

ለኢያቄም ከስድስት ዓመት በኋላ ደወልኩ። ደምበል አካባቢ ካፌ ውስጥ ተገናኘን። ፀጉሩ ሸሽቷል። የጋብቻ ቀለበቴን አየና ዓይኑን ወደ ላፕቶፑ መለሰ። የሆነውን ስነግረው አላቋረጠኝም።

«ሁለቱን አንድ ያደረገውን ትእዛዝ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «እንዴት አልጠረጠርኩም?»

«እኔም ጠይቄህ ረስቼዋለሁ።»

«ላጥፋው አልኩሽ። እንጠይቅ ግን አላልኩም።»

«እኔም አላልኩም፣ ኢያቄም።»

ሥራውን ጀመረ። የተቀበሩበት ደብር የሚሞላበትን ቦታ ጨመረ። ሁለተኛውን ገበያው ፈጠረ፤ የቡልጋዎቹን ሁሉ ወደ እሱ አዛወረ። የስመኝንና የእጮኛዋን ስም መርጦ ተጫነ። *ዝምድና አልተገኘም* አለ።

«ተመስገን» አልኩ። ቦርሳዬን አነሳሁ።

እሱ ግን አልጨረሰም። ያጠፋቸውን የራሱን አባቶች አንድ በአንድ መልሶ ጻፈ፤ ከዚያ ስሜን ከስሙ ጎን አስቀመጠ።

«ተው» አልኩት።

«አንድ ጊዜ ልየው፣ ፀሎት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ተጫነው። *ዝምድና አልተገኘም።*

ሁለታችንም አየነው። ለማየት ስንት ሌሊት የተሳልኩለት ነገር ነበር። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። ኢያቄም መሐረቡን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገልኝ፤ እጄን ግን አልነካም።

ስልኬ ጮኸ። ስመኝ ናት።

«እሺ፣ ምን አለ?»

«የለም» አልኳት። «ምንም ዝምድና የላችሁም። ተጋቡ።»

እልልታዋን አቀለጠችው። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለታችን መካከል አስቀመጥኩት፤ እስክትጨርስ ድረስ አብረን ሰማናት።