አርባ ሰባተኛው ካሬ

ሠዓሊው ሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። የቀኝ እጁ በሰማያዊ ቀለም ተለውሷል። ቆሞበት ይሠራ የነበረው ባለ ጎማ የብረት መወጣጫ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቋል፤ የአራቱም ጎማዎች ፍሬን ተነሥቷል። ፍሬኑ በእግር ሲረገጥ ጎማውን ይይዛል፣ ወደ ላይ ሲነሣ ይለቀዋል። ይኸው ነው ነገሩ።

ለምርመራ የተላከው ኢንስፔክተር በመሥሪያ ቤቱ «ቀስ በሉ» ይባላል። ሰው ሲታሰርም፣ ወረቀት ሲፈረምም፣ ሻይ ሲቀዳም እንኳ «ቀስ በሉ» ከማለት ስለማይቦዝን የወጣለት ስም ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሬሳ ሲያይ ኖሮ አሁን ሲያይ ምንም አይሰማውም። አንዳንዴ ይህ ያሳስበዋል፤ ወዲያው ደግሞ ይረሳዋል።

በዚህኛው ጉዳይ ግን የሚያጣድፈው ሰው በዛ። ለምን አይበዛ? ጥፋተኛዋ ገና ሳትጠየቅ አምናለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቹና ታናሽ እህቱ ሁለቱም ሠዓሊዎች ናቸው። ከጎረቤቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ ተማሪዎች ተሰጥተዋቸው ወደ መንገዱ የሚያየውን ትልቅ ግድግዳ ለአንድ ወር አብረው ሲሥሉ ሰነበቱ። ግድግዳው በጠመኔ መቶ ሃያ ካሬ ሆኖ ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ካሬ ቁጥርና ባለቤት አለው። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ከሥዕሉ ሌላ አንድ ኃላፊነት ነበረባት፦ መወጣጫው ቦታ በቀየረ ቁጥር አራቱን ፍሬን መርገጥ።

«ረስቼው ነው» አለች ለኢንስፔክተሩ።

«መርሳትሽን በምን አወቅሽ?»

«ተነሥቶ ተገኘ አይደል?»

«እሱን እኔም አይቻለሁ። ስትረሺው ትዝ ይልሻል ወይ ነው የምልሽ።»

ትንሽ አሰበች። «አዎ። ረግጫለሁ ብዬ ሳልረግጥ ሄድኩ። ትዝ ይለኛል።»

አላለቀሰችም። ድምጿ ከፍም ዝቅም አይልም፤ የሌላ ሰው ጉዳይ የምታነብ ነው የምትመስለው። ከሰኞ ወዲህ እህል አልቀመሰችም፣ እንቅልፍም ባይኗ አልዞረም። መዝገቡ ሐሙስ ጠዋት ለዐቃቤ ሕግ ሊተላለፍ ነው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚል ክስ ይጠብቃታል።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በር ላይ ቆሞ ኢንስፔክተሩን እጁን ያዘው።

«ጌታዬ፣ ልጄ ፍሬን አትረሳም። የቤታችንን በር እንኳ ሦስት ጊዜ ተመልሳ የምታይ ልጅ ናት። እባክዎ!»

«ቀስ በል፣ ወንድሜ። እኔም ገና አላየሁም።»

ዘበኛው ተረኛ ነበር። ከተጠየቀው በላይ የሚመልስ ሰው ነው፤ ተገላገልን።

«ተማሪዎቹ አሥር ሰዓት ላይ ወጡ። እህትየዋም አብራቸው ወጣች። እሱ ብቻ ቀረ። ‹ጋሼ፣ ለዛሬ አይበቃዎትም?› ብለው ‹አንድ ካሬ አለችኝ› አለኝ። ያኔ ሰማያዊዋን ቀለም ገና እየበጠበጠ ነበር።»

«ቀን ሰማያዊ አልቀቡም?»

«ኧረ በጭራሽ! ቀኑን ሙሉ ቢጫና ቀይ ነበር። ይኸው ሱሪዬ ምስክር ነው።»

«ከዚያ በኋላ ማን ገባ?»

«በዚህ በር? ዝንብም አልገባ!»

«በሌላ በርስ?»

«ሌላው በርማ በንባብ ክፍሉ በኩል ነው። ለእሱ ሌላ ዘበኛ ይቅጠሩ እንጂ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህትየዋ ታሳዝነኛለች። አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። አምና አንድ ልጇን ቀብራ እንባዋ ያለቀ ይመስለኛል።»

ኢንስፔክተሩ በንባብ ክፍሉ ተቀምጦ ያገኘው የትምህርት ቤቱን የሥዕል መምህር ነው። ሥራው ለውጭ ሰዎች መሰጠቱ ከንክኖታል፣ አይደብቅምም።

«አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት እኔ፤ ግድግዳው ለእነሱ። የዕቃ ክፍሉም ቁልፍ አለኝ። እንግዲህ እኔን ከጠረጠራችሁ…»

«ቀስ በል፣ መምህር። ማንም ምንም አላለህም። ቁልፉ ሌላ ማን ጋ አለ?»

«ሁለቱ ሠዓሊዎች ጋ።»

«ሟቹ ሲቀባው የነበረው አርባ ሰባተኛው ካሬስ የማን ነው?»

መምህሩ ዝርዝሩን ገለጠ። «የማንም። እህትየዋ ራሷ ሞላችው፤ የአንድ ወጣት ፊት ሥላበት ነበር። የማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ግድግዳው ሄደ። አርባ ሰባተኛው ካሬ በሰማያዊ ተሸፍኗል፤ ከሥሩ አንድ ጆሮና የጉንጭ ጫፍ ብቻ ቀርቷል። የመጨረሻው የብሩሽ መስመር አግድም ሄዶ ሄዶ ድንገት ወደ ታች ታጥፏል። መሬት ላይ፣ አስከሬኑ ወድቆበት ከነበረው ቦታ አጠገብ፣ አራት ጣት የሚሰፋ ሰማያዊ ምልክት አለ። ብሩሹ ግን የለም።

ጎንበስ ብሎ አራቱን ፍሬኖች አንድ በአንድ አየ። በአንደኛው ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ።

ከዚያ የዕቃ ክፍሉን አስከፈተ። የተማሪዎቹ ብሩሾች በባልዲ ውኃ ተነክረዋል። የመምህሩ በቆርቆሮ ውስጥ ቆመዋል፤ ደርቀው መጥረጊያ ሆነዋል፣ ባለቤታቸው ሥራው ለምን እንዳልተሰጠው ኢንስፔክተሩ ያኔ ገባው። የወንድምና እህቱ ግን በእንጨት ሣጥን ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው በጋዜጣ ተጠቅልለው በክር ታስረዋል። አንዱን ባለ አራት ጣት ብሩሽ ፈታው። ሥሩ ገና እርጥብ ነው፤ ጸጉሩን ከፈል ሲያደርግ ሰማያዊ አየ።

እህትየዋን ማክሰኞ ከሰዓት ቤቷ አገኛት። ወንበር ሰጠችው፣ ውኃ ቀዳችለት፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ከሥራ ወጥተው የት ሄዱ?»

«ቤቴ። ተኛሁ።»

«በሟቹ ላይ ቂም የነበረው ሰው ያውቃሉ?»

«ወንድምጋሼ ላይ? ማንም።»

«ያቺ ተማሪስ? እየተከሰሰች ነው።»

ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሣችም። «ልጅ ናት። ሰው ይረሳል» አለች።

ኢንስፔክተሩ ውኃውን ሳይጠጣ ወጣ።

ረቡዕ ጠዋት ሁሉንም ግድግዳው ሥር ሰበሰባቸው፦ እህትየዋን፣ መምህሩን፣ ዘበኛውን፣ ልጅቷንና አባቷን። መወጣጫው በቦታው ነው።

«በፍሬኑ እንጀምር» አለ። «ኑ፣ ቅረቡ። ይህ ሰማያዊ ጠብታ ነው፤ ከላይ ሲቀባ የወረደ። ግማሹ የፍሬኑ መርገጫ ላይ፣ ግማሹ ከሥሩ ባለው ብረት ላይ ነው። አሁን ግን ሁለቱ አይገናኙም። ለምን?»

ኢንስፔክተሩ መርገጫውን በእግሩ ረገጠው። ሁለቱ የቀለም ግማሾች ገጥመው አንድ መስመር ሆኑ።

አባትየው «እግዚኦ!» አለ።

«ጠብታው ሲወርድ ፍሬኑ ተረግጦ ነበር። ሰማያዊው ደግሞ የተበጠበጠው ተማሪዎቹ ሲወጡ ነው። ሟቹ ከላይ እየቀባ፣ ፍሬኑ እንደተያዘ ነበር ማለት ነው። ልጅቷ አልረሳችም። ሌላ ሰው በኋላ መጥቶ አነሣው።»

«የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ያለኝ እኔ…» ብሎ ጀመረ መምህሩ።

«ቀስ በል አልኩህ እኮ! ወደ አንተም እመጣለሁ። ሟቹ ሲወድቅ ብሩሹ እጁ ላይ ነበር፤ የመጨረሻው መስመር ወደ ታች የታጠፈው፣ መሬቱም ምልክት የያዘው ለዚህ ነው። ያ ብሩሽ ግን ታጥቦ፣ ጫፉ ተስተካክሎ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ ሣጥን ውስጥ ተገኘ። የሞተ ሰው ብሩሽ አያጥብም። ዘበኛው የዕቃ ክፍሉን መክፈት አይችልም። ልጅቷም አትችልም። አንተ መምህር፣ ትችላለህ፤ ግን ይቅርታ አድርግልኝና፣ ብሩሾችህን አይቻቸዋለሁ። በዕድሜህ አንድም ብሩሽ ጠቅልለህ አታውቅም።»

ዘበኛው ሊስቅ ቃጣውና ተወው።

«እንዲህ የሚጠቀልሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ሞቷል።»

ሁሉም ወደ እህትየዋ ዞሩ። እሷ ሰማያዊውን ካሬ እያየች ነበር።

«የልጅዎ ፊት ነበር፣ አይደል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አዎ» አለች። «ወንድምጋሼ ‹ግድግዳው የተማሪዎቹ ነው፣ የራሳችንን ሐዘን አንሰቅልበትም› ብሎኛል። እሺ አልኩት። ግን ሳላጠፋው ቀረሁ፤ በማግስቱ እሱ ራሱ ያጠፋዋል ብዬ ጠረጠርኩ፤ በንባብ ክፍሉ በኩል ተመለስኩ። ከላይ ሆኖ የልጄን ዓይን በሰማያዊ እየሸፈነው ነው። ውረድ አልኩት። ‹እኔም ነኝ ያሳደግኩት፣ በየቀኑ እያየኝ መሥራት አልቻልኩም› አለ። ፍሬኑን አነሣሁ። ከልጄ ላርቀው ብቻ ነበር። መወጣጫውን ሳብኩት። እሱ ወደ ግድግዳው ተንጠራርቶ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ብሩሹን አጠብኩ።»

«ለምን?»

የዋህ ጥያቄ እንደ ጠየቃት ሁሉ ቀና ብላ አየችው። «ይደርቃላ። አባታችን ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ብሩሽ ሳናጥብ ከተኛን ቀስቅሶ ያሳጥበን ነበር። እጄ ነው ያጠበው። ጠቅልዬ ሳስር ነው ወንድምጋሼ መሞቱ የገባኝ።»

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ነገር የኢንስፔክተሩ ደረት ላይ ተጫነው፤ አልወደደውም።

«እኔ ግን ትዝ ይለኛል» አለች ልጅቷ።

ድምጿ ያው ነው። ማስረጃው ሁሉ ከፊቷ ተደርድሮ አንዱም አልነካትም።

«ሳልረግጠው ስሄድ ትዝ ይለኛል። እኔ ነኝ።»

«ልጄ!» አለ አባትየው። «አሁን አሳዩሽ አይደል እንዴ?»

«ትዝ ይለኛል፣ አባዬ።»

ኢንስፔክተሩ እንደገና ፍሬኑን ሊያሳያት ጎንበስ አለ። እህትየዋ ግን ቀደመችው። ሦስት ቀን ሙሉ ዞር ብላ ያላየቻት ልጅ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ስሚኝ፣ እማ። ረግጠሽዋል» አለች። «አራቱንም ረግጠሻል። በእግሬ ላነሣው ብል እምቢ አለኝ። መሬት ላይ ተንበርክኬ በሁለት እጄ ነው ያነሣሁት፤ እንደዚያ አድርገሽ ነው ያጠበቅሽው።»

ልጅቷ የሴትዮዋን እጆች አየች። በሁለቱም መዳፎች ላይ፣ ከጣቶቹ ሥር፣ ብረት የላጠው ቁስል ነበር። በአባቷ ትከሻ ላይ ተደገፈች። ያኔ አለቀሰች፣ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ሕፃን።