የዮስት ተራ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ያንን ኩራዝ ቀነስ አድርጉት፤ ጋዙም ይቆጠባል፣ ወሬውም ይጥማል። አንተ መርዕድ፣ ከአሁኑ ማዛጋት ጀመርክ? ተኛ፣ ማን ከለከለህ! ኋላ ግን ወዮልህ።

ሰዓቱ እንዲህ እንደ አሁኑ ነበር፤ ውሻ እንኳ መጮህ የሚታክተው ሰዓት። አገሩ ጀርመን ነው፣ ባሕር ጠርዝ ላይ ያለች አንዲት መንደር። ወደ መንደሯ የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው። በዚህ ወገን ባሕር፣ በዚያ ወገን ረግረግ። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ኤገርት ይባላል። ጦርነቱ አልቆ፣ ከምርኮ ተፈትቶ እናቱ ቤት መግባቱ ነው። እናቱ ከሱ ሌላ ልጅ የላትም።

ታዲያ ሰው ወደ እናቱ ሲሄድ ይሮጣል እንጂ በየእርምጃው ይገላመጣል? ኤገርት ይገላመጥ ነበር። ለምን?

ኤገርት የሰርጓጅ መርከብ ወታደር ነበር። ውሃ ውስጥ ተደብቃ ስንቱን የጠላት መርከብ ያሰጠመች፣ እንደ በርሜል ድፍን ያለች ብረት ናት። ውስጧ ጠባብ ስለሆነ አልጋው ለሁለት ሰው አንድ ነው። አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይተኛል። ከጥበቃ የወረደው የተኛውን ትከሻ ነቅነቅ ያደርግና "ተነሣ፣ ተራህ ነው" ይለዋል። ከዚያ እሱ ሙቀቱ ላይ ጋደም ይላል። የኤገርት የአልጋ ተካፋይ ዮስት የሚባል ጓደኛው ነበር።

አንድ ቀን መርከቧ ከውሃ በላይ ሳለች፣ ዮስትም አየር ሊቀበል ኤገርት ወደሚጠብቅበት ወጥቶ ሳለ፣ አውሮፕላን መጣባት። ደወሉ ጮኸ። ላይ የነበሩት እየተንደረደሩ ገቡ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ መጨረሻ የገባው የብረቱን ክዳን ይዘጋና "ሁሉም ገብቷል!" ይላል፣ ያኔ መርከቧ ትጠልቃለች። ኤገርት መጨረሻ የገባ መሰለው። ዞር ብሎ አየ? አላየም! ዘጋ። "ሁሉም ገብቷል!" አለ።

ወዲያው ክዳኑ ከውጭ ተንኳኳ። ኳ... ኳ... ኳ።

ኤገርት ሰማ? ሰማ። ተናገረ? አልተናገረም። አፈረ፣ ፈራ። ውሃው መጣ፤ ማንኳኳቱም ቆመ። ኋላ ሲቆጠሩ ዮስት የለም።

በማግስቱ ሊተኛ ሄደ። እጁን አልጋው ላይ ቢሰድ ርጥብ ነው። የባሕር ውሃ! "ቧንቧ አፍስሶ ይሆናል" አለ። ሌላ ቀን ደግሞ ትራሱ የራስ ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል፣ ጉድጓዱ ውሃ አቁሯል። እሺ፣ ይሄም ቧንቧ ነው?

ከዚያ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ጣል እንዳደረገው ቀዝቃዛ እጅ ትከሻውን ነቀነቀው። "ተነሣ፣ ተራህ ነው።" በርግጎ ወደ ላይ ወጣ። ገና ከክዳኑ ሲወጣ መርከቧን ፈንጂ መታት። እሱ ባሕሩ ላይ ተወረወረ፣ ሌሎቹ ከነመርከቧ ወረዱ። አንድም አልተረፈም። ጠላት ከውሃ አውጥቶ ሲማርከው "ዮስት ይቅር አለኝ፣ አዳነኝ" ብሎ አለቀሰ።

ሞኝ!

ወደ መንገዱ እንመለስ። ከኋላው ውሃ የጠገበ ጫማ ይሰማዋል። ጭቅ... ጭቅ... ሲቆም ይቆማል፣ ሲሄድ ይሄዳል። እንደ ምንም ደጃፉ ደረሰ። እናቱ ፋኖስ ይዛ ወጣች፣ አቅፋው አነባች። ከዚያ በትከሻው በኩል አሻግራ አየች።

"ልጄ፣ ጓደኛህን ለምን ውጭ ታቆመዋለህ? በስብሷል እኮ!"

ኤገርት አልዞረም። "ማንም የለም እማዬ። ሁሉም ገብቷል። ዝጊው።"

የእናት አንጀት ግን እንዴት ይችላል? በሩን ወለል አደረገችና "ግባ የኔ ልጅ" አለች።

ኤገርት ሮጦ የልጅነት አልጋው ጋ ደረሰ። ብርድ ልብሱን ገለጠ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ዮስት ተኝቶበታል። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ቀስ ብሎ፣ "ውጭ ብዙ ቆየሁ" አለ። "አሁን ተራህ ነው።"

ጠዋት እናቲቱ ብትገባ ከአልጋው ጨው ውሃ ይንጠባጠባል። በሩ ክፍት ነው። የልጇ ኮቴ ወደ ባሕሩ ሄዷል፤ የተመለሰ ኮቴ የለም። ምስኪን፣ እስክትሞት ያን በር አልዘጋችውም አሉ።

እናም ልጆች፣ በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ። በር ስትዘጉም መጀመሪያ ዞር ብላችሁ እዩ። ውጭ የቀረ ሰው...

እሽሽ። መርዕድ ተኛ መሰለኝ። ዝም በሉ። ቀስ... ቀስ...

ተነሣ! ተራህ ነው!