እሳት ልጫር ብላ የመጣችው

ልጆቼ፣ የምነግራችሁ ነገር በራሴ ቤት፣ በዓይኔ ፊት የሆነ ነው። አሮጊት ናት፣ ቃዥታ ነው የሚለኝ ካለ አልቀየመውም። እኔም ቅዠት በሆነልኝ እላለሁ።

ቦታው ዶሮ ማነቂያ ነው። ወሩ ሐምሌ፣ በያዝነው ክረምት። ሰዓቱ ከቀኑ አስራ አንድ።

ገና አልመሸም... ግን ዝናቡ ሰማዩን ስለዘጋው፣ በዚያ ሰዓት ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው ፊት አይለይም ነበር።

ሰፈራችን በአብዛኛው ፈርሷል። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። የኛ መደዳ ተራው ስላልደረሰ እኔና ባለቤቴ እምሩ ቀርተናል።

እምሩ አናጺ ነበር። የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ጫፏን ድሮ መጋዝ ወስዶበታል። ሲቆጣኝ በዚያች አጭር ጣት ነው የሚጠቁመኝ። እኔም እስቅበታለሁ፣ እሱም ቁጣው ይጠፋበታል። እንዲህ ነው የኖርነው።

ዘንድሮ ሳንባውን ታሞ ተኛ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ "እማማ፣ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። ብርድ እንዳያገኛቸው" አለችኝ።

ብርድ እንዳያገኛቸው...

መብራት የለ። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ከጠፋ ሰንብቷል። ከሰሉ ውሃ ገብቶበት ጭቃ ሆኗል። ያለኝን ብርድ ልብስ ሁሉ ደራርቤለት ይንቀጠቀጣል።

"አንቺ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው እንዴ ያስተኛሽኝ?" ይለኛል፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ፊት ለፊታችን የእትዬ ተሾመች ቤት ነበር። እሷ ከልጇ ከምብራት ጋር ኮንዶሚኒየም ስትገባ ቤቱ ፈረሰ። ጣራውም ግድግዳውም ተነሥቶ፣ መሃል ላይ ምሰሶው ብቻውን ቀረ። ወፍራም የጥድ ምሰሶ።

"እሱን አስፈልጪው" አለኝ እምሩ። "እኔ ነኝ ጠርቤ ያቆምኩት። አሁን ምን ተሸክሞ ነው የሚቆመው?"

ሐድጉ የሚባል የቀን ሠራተኛ ለምኜ አስፈለጥኩት። ስንት ቀን ዝናብ ሲወርድበት የከረመ እንጨት... ውስጡ ደረቅ ነበር።

ሐድጉ ፍልጡን ይዞ ቆመ።

"እማማ... ይሞቃል።"

"ምኑ?"

"እንጨቱ። ሳይነድ ይሞቃል።"

ሻይ አፍልቼለት ሳይጠጣ ሄደ። እኔ ግን በዚያን ሰዓት ሙቀት አገኘሁ እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

እንጨቱን ከደጅ፣ ከቆርቆሮው ሥር አነደድኩት። ጭሱ ሲያልቅለት ፍሙን በማንደጃ አድርጌ አስገባሁ። በሩን አልዘጋሁም። ፍም በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፣ እናንተም እንዳትረሱት ልጆቼ። ገርበብ አድርጌ በርጩማ አስደገፍኩት።

እምሩ ፊቱ ፈካ።

"የጠረብኩት ምሰሶ ጡረታ አበላኝ" ብሎ ሳቀ።

ሳቁን ሳይጨርስ በሩ ተቧጨረ። ቀስ ብሎ... በጥፍር።

"አልጌ... እሳት ልጫር።"

የእትዬ ተሾመች ድምፅ ነው። በበሩ ክፍተት አንድ እጅ ገባ፣ የተሰበረ ድስት ገል ይዟል።

"እትዬ፣ መቼ መጣሽ? ግቢ እንጂ።"

"አይ... ቸኩያለሁ።"

እኛ ስናድግ እሳት ልጫር ብሎ ለመጣ ሰው የለም አይባልም። ለምን ፈለግከው ተብሎም አይጠየቅም። ይሰጣል። እኔም ፍም አንሥቼ ገሉ ላይ አደረግኩላት።

ስትሄድ በክፍተቱ አየኋት። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ፍሙ ገሉ ላይ ቀልቷል...

አንድ ጊዜ እንኳ ቸስ አላለም።

ወደ ፈረሰው ቤቷ ገባች። የሚገባበት ቤት ሳይኖር... ገባች። ከዚያ አላየኋትም።

"አልጌ" አለኝ እምሩ ከኋላዬ። "እግሬን በረደኝ።"

ማንደጃው ሙሉ ነው። እግሩን ዳሰስኩት። ብረት ነው።

በማግስቱም በዚያው ሰዓት መጣች። ያው እጅ፣ ያው ገል። አሁንም ሰጠኋት። ምን ብዬ ልከልክላት?

እምሩ አልሳቀም። ጣራ ጣራውን እያየ፣ "ከወገቤ በታች የለሁም" አለኝ።

ያኔ ለምብራት ስልክ ደወልኩ።

"ምብራትዬ፣ እናትሽ በዚህ ዝናብ እዚህ ድረስ ለምን ትመላለሳለች?"

"እማማ አልጋነሽ፣ ምን ነካዎት? እማዬ ከአልጋ መውረድ ካቆመች ቆየች እኮ።"

"አሁን ደጄ ላይ ነበረች።"

ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"አስራ አንድ።"

"በአስራ አንድ ሰዓት... እንቅልፍ ይጥላታል። ቤቴን እያነደዱት ነው፣ በረደኝ እያለች ትተኛለች። ስትነቃ መዳፏ ጥላሸት ነው። እዚህ ቤት ደግሞ እሳት የሚባል የለም፣ የምናበስለው በመብራት ነው።"

ስልኩን ዘጋሁና የቀረኝን ፍልጥ ቆጠርኩ።

በሦስተኛው ቀን የእምሩ ከንፈር ጠቆረ። ብርዱ ደረቱ ጋ ደርሷል። የቀረኝ አንድ ፍልጥ ብቻ ነው። ላንድደው፣ መጥታ ትወስደዋለች። ልተወው፣ ባሌ እጄ ላይ ይሞታል።

ለመንኩ፣ አለቀስኩ። ከዚያ አነደድኩት።

ፍሙን አስገባሁና... በሩን ዘጋሁት። መወርወሪያውንም ጣልኩት። አዎ፣ አውቃለሁ። ግን ትንሽ ይሙቅለትና እከፍተዋለሁ ብዬ ነው።

ጥፍሩ መጣ።

"አልጌ... እሳት ልጫር።"

"የለም" አልኩ። በዕድሜዬ ለእሳት ጫሪ የለም ስል የመጀመሪያዬ ነው።

"ይሸተኛል።"

"እትዬ፣ ስለ እመቤታችን። ሰውዬው ሊሞትብኝ ነው።"

"በርዶታል?"

"በርዶታል።"

ጥፍሩ ከበሩ ላይ ተነሣ።

"እንግዲያው እሱ ይምጣ... እኔ ጋ ይሙቅ።"

እርምጃዋ ራቀ። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ጭንቅላቴ ከበደኝ። ፍሙ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። በሩን መክፈት አለብኝ አልኩ... እዚያው ወደቅኩ።

የቀሰቀሰኝ ፊቴ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መወርወሪያው ቦታው ላይ የለም። አልጋው ባዶ ነው። አንሶላውን ዳሰስኩት... እርጥብ፣ ቀዝቃዛ።

በባዶ እግሬ ወጣሁ።

ፊት ለፊት፣ ምሰሶው የነበረበት ቦታ ላይ፣ እሳት ይነድዳል። በዚያ ዝናብ መሃል። እምሩ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል፣ እጆቹን ወደ እሳቱ ዘርግቶ። አጠገቡ ማንም የለም። ገሉ ብቻ ተደፍቷል።

"እምሩ..."

"ነይ ሙቂ እንጂ" አለኝ፣ ሳይዞር።

ከነጋቢው ከኋላው ታቅፌ ጎተትኩት። ጋቢው ደረቅ ነበር። እሺ ብሎ ተነሣ፣ በእግሩ ሄደ፣ ገባ፣ ተኛ። አንዴ እንኳ አላሳለውም።

ነርሷ ደረቱን አዳምጣ፣ "እማማ፣ ምን አደረጉላቸው? ድነዋል እኮ" አለችኝ። ምብራትም ደውላ፣ እማዬን ብርዱ ለቀቃት፣ መዳፏም ከጥላሸት ጠራ አለችኝ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። መብራትም መጣ፣ ደረቅ ከሰልም አገኘሁ።

ግን...

እምሩ አይቀልድም። በጠራኝ ቁጥር አልጋነሽ ይለኛል፣ በሙሉ ስሜ። ሲቆጣ አይጠቁመኝም። ለነገሩ አይቆጣም። እጆቹን ከጋቢው ሥር አያወጣም። እኔ ነኝ የማጎርሰው።

"እጄን ይበርደኛል" ይላል። ፊቱን ስነካው ግን እንደ ማንደጃ ይፋጃል።

ትናንት ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ዝናቡ ያዘ። ከሰሉን አቀጣጥዬ አስገባሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ በርጩማውን አስደገፍኩት።

ጥፍሩ መጣ።

"አልጌ... ፍሪጅ ውስጥ ነው እንዴ ያስተኛሽኝ?"

ድምፁ የመጣው ከአልጋው አይደለም፣ ከበሩ ነው።

"እሳት... እሳት ልጫር፣ አልጌ።"

በክፍተቱ እጅ ገባ። ረጥቧል፣ ጠቁሯል። ገሉን የያዘው በአራት ጣቶቹ ነው። አምስተኛዋ፣ ሌባ ጣቱ፣ ጫፍ የላትም።

ወደ አልጋው ዞርኩ። የተኛው ያየኛል።

"እጅህን አሳየኝ" አልኩት።

"በሩን ዝጊው፣ አልጋነሽ" አለኝ በሹክሹክታ።

እጆቹ ከጋቢው ሥር ናቸው። በሩ ላይ ያቺ አጭር ጣት በባዶው ገል ጠርዝ ላይ ትንቀጠቀጣለች...