ባለ ሦስት እግሯ ዶሮ

ሟቹ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ፣ ራሱን ወደ ላፕቶፑ ዘንበል አድርጎ ነበር የተገኘው። ጣቶቹ ከፊደላቱ ላይ አልተነሱም። ላየው ሰው የሚጽፈው ጠፍቶበት ትንሽ ያሸለበ እንጂ የሞተ አይመስልም ነበር። ሳንባው ከታመመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከአልጋው ጎን የቆመው የኦክስጅን ማሽን ቀን ከሌት ሲያንጎራጉርለት ኖሯል። መርማሪዋ ስድስት ሰዓት ላይ ስትገባም ማሽኑ ሥራ ላይ ነበር።

መርማሪዋ ሃምሳውን የተሻገረች፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ሆኖ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። የሥራ ጓደኞቿ በሌለችበት «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ ለምን እንደሚሏት ግን ጠይቃ አታውቅም።

ሐኪሙ ወደ ጎን ወሰዳት።

«አየር አጥሮት ነው» አላት። «ታፍኖ እንዳይመስልሽ። አየር ቀስ እያለ ሲያንስ ሰው አይጮህም፤ እንቅልፍ ይወስደዋል።»

የሟቹ ታላቅ እህት ይህን ሰምታ ከበሩ ላይ ተነሳች። «ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? መብራቱን ያጠፋው ሰው እዚያ ተቀምጧል። ውሰዱት።»

የጠቆመችው የሟቹን ሚስት ወንድም ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከምሰሶው ወደ ቤቱ የሚገባውን አሮጌ ሽቦ ሊቀይር አራት ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱን አጥፍቶ፣ አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ መልሶታል።

«ማሽኑ በባትሪ ሣጥኑ ላይ ነው የሚሰካው» አለ፣ ወለሉ ላይ ያለውን ጥቁር ሣጥን እያሳየ። «መብራት ቢጠፋ ሁለት ሰዓት ይይዘዋል። እኔው ነኝ የገጠምኩለት።»

«ሥራው ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብለኸው ነበር?»

«አሥር።»

«አርባ ለምን ሆነ?»

ሰውየው መዳፉን አገላብጦ አየ። «የውስጡ ሽቦ በስብሶ ጠበቀኝ። ማሽኑ ሣጥኑ ላይ ነው ብዬ አልቸኮልኩም፣ እትዬ።»

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ሣጥኑ የሚሠራ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ እዚያ ላይ ቀይ ክር የታሰረበት የማሽኑ ገመድ ተሰክቷል። የላፕቶፑ ገመድ ደግሞ ግድግዳው ላይ ነው። ሁሉም በቦታው አለ። እሷን ያስጨነቃትም ይኸው ነው። ከትራሱ ሥር ትንሽ የመጠባበቂያ ኦክስጅን ጠርሙስ አገኘች፤ ቧንቧው እንደተከፈተ ባዶ ሆኗል። ከላፕቶፑ ሥር የተጣጠፈ ወረቀት ነበር። አንብባ ኪሷ ከተተችው።

«ይኼ ጥቁር መስኮት ምንድን ነው?» አለች፣ ወደ ላፕቶፑ እያየች።

የመለሰላት የሟቹ የሥራ ሽርካ ነበር፤ የዚያን ዕለት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሰላል ሲይዝ የዋለ ፕሮግራመር።

«ተርሚናል ይባላል። የሚታየው አብረን የሠራነው ፕሮግራም ነው። ትእዛዙን ሲጽፉለት ኮምፒውተሩ ስለ ራሱ ይናገራል፤ ስሙን፣ ባትሪውን፣ ከበራ ስንት ጊዜ እንደሆነው። ሁሉም ሰው እንደሚወደው አድርጎ ይቀይረዋል፤ ሥዕሉንም፣ መስመሮቹንም። እሱ ትእዛዙን ራሱን ቀይሮ "እንዴት ነህ" አድርጎታል።»

መስኮቱ ውስጥ በፊደል የተሣለች ዶሮ ነበረች። ከጎኗ እንዲህ ይላል፦

ስም፦ ሽማግሌው
ሰዓት፦ 4:37
ከበራሁ፦ 1000 ቀን
ባትሪ፦ አርጅቷል፤ አራት ደቂቃ ይይዛል
ኤሌክትሪክ፦ እየገባልኝ ነው
እኔ ደህና ነኝ። አንቺስ?

«ዶሮዋ ለምን ሦስት እግር ኖራት?»

«ሥዕሏን ኢንተርኔት ላይ ካወጣት ወዲህ ስንት ሰው ከስንት አገር ስህተት ነው እያለ ጽፎለታል። ለሁሉም "ልክ ናት" ብሎ ይመልሳል።»

«አንድ ሺህ ቀንስ?»

«በኛ ሙያ ሰው ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ በቆየበት ቀን ይኩራራል፤ እኔ ግን ከመቶ አልፌ አላውቅም።»

«ሰዓቱ አራት ከሠላሳ ሰባት ላይ የቆመው ለምንድን ነው?»

«አይንቀሳቀስም። ሲጠይቁት የነበረውን ይናገራል፣ ዳግም እስኪጠይቁት እንዳለ ይቀመጣል።»

መርማሪዋ መነጽሯን አወለቀች። «የሟቹ ሚስት ከውጭ ስትመለስ አይተሃታል?»

«አዎ፤ በመሰላሉ ሥር ስታልፍ ሽቦው እንዳይነካት ዝቅ በይ ብያታለሁ። ወንድሟ ገና ሽቦውን እየቀጠለ ነበር። ከሷ በቀር የገባም የወጣም የለም።»

ሚስትየው ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ሳሎኑ ጥግ ተቀምጣለች።

«አራት ሰዓት ላይ አይቼዋለሁ» አለች። «ባለ ቀይ ክሩ ገመድ ሣጥኑ ላይ ነበር። ከዚያ ክር ልገዛ ወጣሁ።»

«መቼ ተመለስሽ?»

«መብራት ከመጣ በኋላ» አለች፣ ሜትሩን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች።

መርማሪዋ አልተከራከረቻትም። እንባ ያላወጣች ሴት ስትዋሽ ማየት ያሳዝናታል።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል፤ ማሽኑን ግን ማንም አላጠፋውም።

«አንዲት መስመር ናት ያስቸገረችኝ» አለች። «አራት ከሠላሳ ሰባት ላይ ቤቱ ውስጥ መብራት የለም። ይኼ ላፕቶፕ ግን ኤሌክትሪክ እየገባልኝ ነው ይላል። ከየት?»

ሽርካው ወደ ጥቁሩ ሣጥን ዞረ። «ከሣጥኑ።»

«ከሣጥኑ። ቀዳዳው ደግሞ አንድ ነው። ላፕቶፑ እዚያ ከተሰካ ማሽኑ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ከመብራቱ ጋር ጠፍቷል።»

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ማን ቀየረው?» አለች ታላቅ እህትየው።

«መልሶ ከሰካው ሰው ልጀምር። ባትሪው አራት ደቂቃ ነው የሚይዘው፤ ላፕቶፑ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ከሣጥኑ የተነቀለው መብራት ሊመጣ አራት ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ወንዶች ምሰሶው ጋ ናቸው። በመሰላሉ ሥር ያለፈችው አንዲት ሴት ናት።»

ሚስትየው ቀና አለች። «ማሽኑን ዝም ብሎ አገኘሁት። ላፕቶፑን ነቅዬ ግድግዳው ላይ፣ ማሽኑን ሣጥኑ ላይ ሰካሁለት። ማሽኑ ተነሳ። እሱ አልተነሳም።»

«ለምን ደበቅሽው?»

«ራሱ ነዋ የቀየረው፤ ሌላ ማን ይቀይራል? ራሱን ገደለ ይሉታል ብዬ ፈራሁ። እኔም ጥሎኝ ሄደ ብዬ አሰብኩ። ወንድሜን ሲወነጅሉት ቁጭ ብዬ ሰማሁ፤ ራሱን ገደለ የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።»

«ለላፕቶፕ ብሎ?» አለች እህትየው። «ለቁጥር ብሎ?»

ሚስትየው ዶሮዋን አየች። «ልጃችን ናት ያበራችው። ሰባት ዓመቷ ነበር። "ዛሬ እኔ ልጫነው" ብላ በጣቷ ተጫነችው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተች። ዶሮዋንም የሣለቻት እሷ ናት፤ አንዱ እግሯ ሲደክማት እንዲያርፍ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ አጥፍቶት አያውቅም። እኔ አጥፋው እያልኩ ስንት ጊዜ ተጣላሁት። እሷ ያበራችው ነገር ይኼ ብቻ ቀረ ይለኛል።»

እህትየው አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች።

መርማሪዋ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ለሚስትየው ሰጠቻት። በእርሳስ የተጻፈ ነው፦ «ሥራው 10 ደቂቃ። ጠርሙሱ 20። ይተርፈኛል።» ከሥሩም፦ «ማታ ሺህ ቀን ሞላ ብዬ እነግራታለሁ።»

«ጥሎሽ አልሄደም» አለቻት። «ሣጥኑን ለላፕቶፑ ሰጥቶ፣ በጠርሙሱ እየተነፈሰ መብራት ሊጠብቅ ነበር። ጠርሙሱ ሲያልቅ ግን እንቅልፍ ቀድሞ ወስዶታል፤ ገመዱን እመልሳለሁ ለማለት እንኳ አልነቃም። ለማታ ወሬ አስቀምጦልሽ ነበር።»

ሚስትየው ያን ጊዜ አለቀሰች። ወንድሟ ከወለሉ ላይ ሆኖ «አሥር ደቂቃ ብዬው ነበር፣ እኔ ነኝ አሥር ያልኩት» ይላል ደጋግሞ። መርማሪዋ ትከሻውን ይዛ ቆየች።

አብሯት የመጣው ረዳቷ ላፕቶፑን ለማስረጃ ሊወስድ ገመዱን ሊነቅል እጁን ሰደደ።

«ተወው» አለችው። መነጽሯን አድርጋ መስመሮቹን አንድ በአንድ ደብተሯ ላይ ገለበጠች፤ ዶሮዋንም ከነሦስት እግሯ፣ እንደ ነገሩ ሣለቻት። ሽርካውንና እህትየውን አስፈረመች። «ማስረጃው ይኸው ነው። እንሂድ።»

ሚስትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሽርካውን ጠየቀችው። «ምን ብዬ ነው የምጽፍለት?»

«እንዴት ነህ ብለሽ።»

በአንድ ጣቷ፣ ፊደሉን እየፈለገች ጻፈችው። ዶሮዋ እንደገና መጣች። ከበራሁ፦ 1000 ቀን ከ5 ሰዓት። ኤሌክትሪክ፦ እየገባልኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ። አንቺስ?

«እኔ ደህና አይደለሁም» አለችው።

መርማሪዋ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።