ብሎች፣ ከዛጎል ቤት ውጡ

ድሬዳዋ ይሞቃል። በጣም ይሞቃል። ድመቶቹ እንኳን ቀኑን ሙሉ ጥላ ሲፈልጉ ይውላሉ።

እዚያ፣ በአንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ሚስራ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለች። ሚስራ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። እናቷን ጠይቋት፤ ትነግራችኋለች።

ሚስራ ሁለት እርግቦች አሏት። ወንዱ ቡሬ ይባላል፤ ክንፉ ዝንጉርጉር ነው። ሴቷ ዛጎል ትባላለች፤ እሷ ደግሞ ነጭ ናት።

አባቷ በጣውላ የእርግብ ቤት ሠርቶላቸዋል። ሚስራ ከምትተኛበት ክፍል ውጭ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በርጩማ ላይ ስትቆም ውስጡ ይታያታል።

አንድ ቀን ዛጎል እንቁላል ጣለች። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሌላ ጨመረች።

«እንዳይበርዳቸው» አለች ሚስራ። ሮጣ ሄዳ ቀይ የሱፍ ሹራቧን አመጣች።

ሹራቡን የላከችላት ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቷ ናት። ደብረ ብርሃን ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ድሬዳዋ ውስጥ ግን ሹራብ ማን ይለብሳል? ማንም። ሹራቡ አልጋ ሥር ተወሽቆ ዓመት ሞላው።

ሚስራ ሹራቡን አጣጥፋ ከእንቁላሎቹ ሥር ጎዘጎዘችው። ዛጎልም ላያቸው ላይ ተቀመጠች። «ኩርርር... ኩርርር...»

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ ዛጎል እንቁላሎቿ ላይ የለችም።

ጣሪያው ላይ ቆማ ታካለች። ክንፏን ታካለች። ደረቷን ታካለች። ቅርጭ! ቅርጭ! ቅርጭ!

ሚስራ በርጩማዋ ላይ ወጣች። አንገቷን አስግጋ ወደ እርግቦቹ ቤት አየች።

ብርርር! አመድማ የሆኑ ትንንሽ የሚበሩ ነገሮች ፊቷ ላይ ወጡ። አንዱ አፍንጫዋ ላይ አረፈ።

«ሃ... ሃ... ሃጢሽ!» አነጠሰች ሚስራ።

በጣውላው ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ከሰሊጥ ያነሱ ቀያይ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። አንዱ ጣቷ ላይ ወጣ። ጣቷን አሳከካት።

ጎረቤታቸው ጋሽ ሙሜ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ጋሽ ሙሜ ከልጅነታቸው ጀምሮ እርግብ ያረባሉ። ሚስራ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«የሚበረው ብል ነው። እሱ ጨርቅና ላባ ይበላል» አሉ ጋሽ ሙሜ። «ቀዩ ደግሞ ቅንቅን ነው። አቦ፣ እሱ ነክሷት ነው እኮ ቤቷን ጥላ የወጣችው።»

«እንቁላሎቹስ?» አለች ሚስራ።

ጋሽ ሙሜ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። «ቀን ምንም አይሆኑም፤ ሙቀቱ ይበቃቸዋል። ማታ ግን ዛጎል ካላቀፈቻቸው ይበርዳቸዋል። ከበረዳቸው ደግሞ አይፈለፈሉም።»

ሚስራም ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። ማታ ሩቅ አይደለም።

እጅጌዋን ጠቀለለች። «ዛሬ ይወጣሉ!» አለች።

«እነማን?» አሉ ጋሽ ሙሜ።

«ብሎቹ። ቅንቅኖቹም። ዛሬ ይወጣሉ።»

መጀመሪያ መጥረጊያ አመጣች። ሿ! ሿ! ሿ! ብሎቹ ወጡ። ብርርር! በግቢው ዞሩ። ብርርር! ተመልሰው ገቡ።

ሚስራ መጥረጊያውን ወረወረችው። ከዚያ አሰብ አደረገችና መልሳ አነሳችው፤ የእናቷ ነዋ።

«በቀዳዳው ነው የሚገቡት» አለች። «ቀዳዳውን ሁሉ እንደፍናለን። ዛሬ ይወጣሉ!»

አባቷ መዶሻ፣ ምስማርና ቁራጭ ጣውላ ይዞ መጣ። ኳ! ኳ! ኳ! የግራውን ቀዳዳ ደፈነ። ኳ! ኳ! ኳ! የቀኙንም ደፈነ።

ሚስራ ደግሞ የቀረውን በካርቶን ጠቀጠቀች። ትንሹን ቀዳዳ ጠቀጠቀች። ትልቁንም ጠቀጠቀች። ከትልቁም የሚበልጠውን ጠቀጠቀች።

ቡሬ ጭራሮ በአፉ ይዞ እየበረረ መጣ። ዷ! ከካርቶኑ ጋር ተጋጨ። ጭራሮው ወደቀበት። ዞሮ ሚስራን አያት። «ኩርርር?»

ጋሽ ሙሜ ከአጥሩ ማዶ ሳቁ። «በሩንም ደፈንሽው እኮ! እርግቦቹ በየት ይግቡ፤ እኔ ቤት ይደሩ?»

ሚስራ አፈረች። ካርቶኑን ከበሩ ላይ ሳብ አደረገችው። ብርርር! አንድ ብል ከውስጥ ወጣ።

ሚስራ በዓይኗ ተከተለችው። ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኗል። ታዲያ ይሄኛው ከየት መጣ?

በርጩማዋ ላይ ቆማ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። እግሯ ደከማት። ግን አልወረደችም።

ቀዩ ሹራብ ነቅነቅ አለ። ከእጅጌው ውስጥ አንድ ብል ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ።

ጫፉን ገለጥ አደረገችው። ሹራቡ ወንፊት ሆኗል። ነጫጭ የብል ትሎች ተጋድመውበታል። ቅንቅኑ ደግሞ በሱፉ መሐል ይርመሰመሳል።

«ከውጭ አይደለም የሚመጡት» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ ያስገባኋቸው።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ሹራቡን ለዛጎል የሰጠቻት ስለምትወዳት ነበር። በጣም ስለምትወዳት።

አባቷ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «አውቀሽ አይደለም» አላት። «ሱፍ ለብል ቤቱም ምግቡም ነው፤ ለቅንቅንም መደበቂያ ይሆነዋል። ስታስገቢው አይቼ ዝም ያልኩት እኔም ነኝ።»

«ዛጎል ተቀይማኛለች?»

«ዛጎል አሁን የምትፈልገው ማከኳን ማቆም ነው» አለ አባቷ። «ቶሎ ከሠራን እስከ ማታ ይደርሳል።»

ሚስራ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። እጅጌዋ ወርዶ ነበርና እንደገና ጠቀለለችው። «ዛሬ ይወጣሉ!»

ሁለቱን እንቁላሎች አንድ በአንድ አነሳች። ትንፋሿን ያዘች። ጥጥ ያለበት ሳህን ውስጥ አኖረቻቸው። ሳህኑን ጥላ ሥር አስቀመጡት።

ከዚያ ሹራቡን ጎትታ አወጣችው። ፌስታል ውስጥ ከተተችው። አፉን ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። አባቷ ወስዶ አቃጠለው።

አባቷ የፈላ ውሃ አመጣ። «አንቺ ራቅ በይ» አላት። ሿ! በስንጥቁ ሁሉ አፈሰሰው።

ውሃው ሲበርድ ሚስራ ብሩሽ አነሳች። ፈተግ! ፈተግ! ፈተግ! ጥጉን ፈተገች። ወለሉን ፈተገች። አገጯ ላይ ጭቃ ተለጠፈባት።

የድሬዳዋ ፀሐይ ቤቱን ወዲያው አደረቀችው። አባቷ ስንጥቆቹን በኖራ ቀባቸው። እሱንም ፀሐይ አደረቀችው።

ጋሽ ሙሜ በአጥሩ ላይ የኒም ዛፍ ቅጠል አቀበሏት። «ከጭራሮ ጋር ቀላቅለሽ ጎዝጉዢላት። ብል ሽታውን አይወደውም።»

ሚስራ ቅጠሉን አሸተተችው። «እኔም አልወደውም» አለች።

ለእርግቦቹ ደግሞ ሳፋ ሙሉ ውሃ ቀዳችላቸው። ዛጎል ከጣሪያው ወርዳ ገባችበት። ቸፍ! ቸፍ! ቸፍ! ቡሬም ዘሎ ገባ። ቸፍ! ቸፍ! ቸፍ! ሚስራ ከእነሱ እኩል ረጠበች።

ዛጎል ላባዋን አራገፈች። አላከከችም። ትንሽ ቆየች፤ አሁንም አላከከችም።

ሚስራ እንቁላሎቹን በአዲሱ ጭራሮ ላይ መለሰቻቸው። ቤቱ ንጹሕ ሆኗል። አንድም ብል የለም። አንድም ቅንቅን የለም።

ግን ዛጎልም የለችም። ተመልሳ ጣሪያው ላይ ወጥታለች።

ፀሐይዋ ዝቅ አለች። ዛጎል አልወረደችም። ሰማዩ ቀላ። ዛጎል አልወረደችም።

«ይዤ ላስገባት» አለች ሚስራ።

ጋሽ ሙሜ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። በግድ ያስገባሻት እርግብ መልሳ ትወጣለች። ራቅ ብለሽ ጠብቂ።»

መጥረግ ቀላል ነበር። መፈተግም ቀላል ነበር። ይሄኛው ግን ከባድ ነው።

ሚስራ ራቅ ብላ ተቀመጠች። እጆቿ እንዳያስቸግሯት ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው።

«ሚስራ፣ እራት ቀርቧል» አለች እናቷ ከውስጥ።

«ትንሽ ቆዪ፣ እማዬ» አለች ሚስራ በሹክሹክታ። እናቷ ወጥታ አየቻት። አጠገቧ ተቀመጠች።

ዛጎል ከጣሪያው ወረደች። በሩ ላይ አረፈች። አንገቷን አስገብታ አየች። አንገቷን አወጣች።

ሚስራ ብድግ ልትል ነበር። ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ዛጎል እንደገና አየች። አንድ እግሯን አስገባች። ሌላውንም አስገባች። አንዷን ጭራሮ በመንቆሯ አንስታ እሷ ደስ ወዳላት ቦታ አዛወረቻት።

ከዚያ ደረቷን ዝቅ አድርጋ እንቁላሎቿን አቀፈች። «ኩርርር... ኩርርር...»

ሚስራ አልጮኸችም። እናቷ እቅፍ ውስጥ ገብታ ፊቷን ደበቀች። ደስታዋ እንባ ሆኖ መጣባት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሚስራ በየሳምንቱ የእርግቦቹን ቤት ትፈትሻለች። ዙሪያውን ትጠርጋለች። የደረቀውን የኒም ቅጠል በአዲስ ትቀይራለች። ስንጥቁን እያየች «ገብታችኋል?» ብላ ትጠይቃለች። ማንም አይመልስላትም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከቤቱ ውስጥ አዲስ ድምፅ ተሰማ። «ጺ... ጺ... ጺ...»

ሚስራ በርጩማዋ ላይ ወጣች። ከዛጎል ደረት ሥር አንድ ትንሽ ራስ ብቅ ብሏል። ቀጥሎ ሌላ ትንሽ ራስ መጣ።

ላባ የላቸውም። ዓይናቸው አልተገለጠም። አፍንጫቸው ትልቅ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ገና አላማረባቸውም።

«እንዴት ያምራሉ» አለች ሚስራ።

ዛጎል ክንፏን ዝቅ አደረገች። ሁለቱም ጫጩቶች ከላባዋ ሥር ገቡ።

ያን ቀን ሚስራ ሳትለመን አልጋዋ ውስጥ ገባች። እናቷ አንሶላውን እስከ አንገቷ አለበሰቻትና ግንባሯን ሳመቻት።

ሚስራ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ከግድግዳው ማዶ ዛጎል አለች። «ኩርርር... ኩርርር...»

«ደህና እደሪ፣ ዛጎል» አለች ሚስራ። ዓይኗ ተከደነ።

በዚያች ምሽት፣ በግድግዳው ወዲህም ወዲያም፣ ማንንም አልበረደውም።