ዩስቲና እና የጠፋው ሀዲድ

ዩስቲና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ በግብፅ፣ ሚንያ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባቡር ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል።

ልጆች፣ በኮምፒውተር ላይ በትንንሽ ብሎኬት ከተማ የሚሠራበትን ጨዋታ የማያውቅ አለ? ፊታችሁ ይናገራል፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ! ሞድ የሚባለው ደግሞ ጨዋታው ላይ ያልነበረ ነገር የሚጨምር ፋይል ነው፤ ባቡር ወይም እንስሳ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሞዶች አንድ ላይ ገብተው ካልተስማሙ ጨዋታው አልከፈትም ይላል። እነሱን ማስማማት የሚችል ሲጠፋ የሰፈሩ ልጆች ወደ ዩስቲና ይሮጡ ነበር።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ ዩስቲና፣ ታናሽ ወንድሟ ፋዲና የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ሐዚም አንድ ከተማ አብረው ሠሩ። የሐዚም አባት ባቡር ነጂ ነው። ሐዚም አባቱን እየጠየቀ ከካይሮ እስከ አስዋን ያሉትን ጣቢያዎች ሠራ፤ በባቡር ሞድ ሀዲዱንም አነጠፈ። ሦስቱም፣ “አዲስ ሞድ ከመጨመራችን በፊት የከተማውን ቅጂ እናስቀምጣለን” ተባብለው ነበር።

አንድ ቀን ሐዚም ምሳ ሊበላ ወረደ። ፋዲም ዳቦ ሊገዛ ተላከ። ዩስቲና ብቻዋን ስትቀር ክንፍ ያለው ዘንዶ የሚያመጣ ሞድ አገኘች።

“ቅጂ ላስቀምጥ?” አለች ለራሷ። “ኧረ ብዙ ይቆያል! አንዴ ብቻ ልየው።”

ጨዋታው አልከፈት አለ። ደግማ ሞከረች፤ እምቢ። ዘንዶውና የባቡሩ ሞድ እንዳልተስማሙ ገባት። ዘንዶውን ማውጣት ነበረባት፤ ግን ተሳሳተች። የባቡሩን ሞድ አወጣች።

“የጎደሉ ነገሮች አሉ፤ ከቀጠልሽ ይጠፋሉ” የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ዩስቲና ቸኩላ “ቀጥል” የሚለውን ተጫነች።

ዘንዶው በረረ! ከበታቹ ግን ሀዲድ የለም። ጣቢያዎቹ በባዶ ሜዳ ላይ ተገትረው ቀርተዋል። ደንግጣ ዘንዶውን አውጥታ የባቡሩን ሞድ መለሰች። ጨዋታው ተከፈተ፤ ሀዲዱ ግን አልተመለሰም።

ፋዲ ዳቦውን እንደያዘ ገባ። “ሀዲዱ የት ሄደ?”

“እኔ ምን አውቄ! ሐዚም ጠዋት ፍላሹን ሰክቶ አልነበር? ቫይረስ ይሆናል።”

አያችሁ ልጆች፣ ውሸቱ ከአፏ ለመውጣት እንኳ አልዘገየም።

ሐዚም አፉን እየጠረገ መጣ። ፋዲ ጮኸበት። “በዚያ ቆሻሻ ፍላሽህ ከተማችንን አበላሸኸው! ሁለተኛ ኮምፒውተራችንን እንዳትነካ!”

“የጠፋው እኮ የኔ ሀዲድ ነው” አለ ሐዚም። ወደ ዩስቲና ዞረ። እሷ አቀረቀረች። ሐዚም ደረጃውን ወረደ።

ማታ እናቷ ማግዳ፣ ዩስቲና የምትወደውን ሙሉኪያ የሚባል የቅጠል ወጥ አቀረበችላት። እሷ ግን አልበላም አለች። ሲጸልዩም “በደላችንን ይቅር በለን” የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቋረጠ።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ።

“እትዬ ማግዳ፣ ዩስቲና አለች?” ሐዚም ነበር። ፍላሹን በእጁ ይዟል። “ዩስቲና፣ ሳስበው አደርኩ። ሳላውቅ እኔ አበላሽቼው ይሆናል። የናንተም ከተማ ነበር፤ ይቅርታ።”

ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

“አንተ አይደለህም” አለች ዩስቲና። “እኔ ነኝ። ቅጂ ሳላስቀምጥ የባቡሩን ሞድ አወጣሁት። በአንተም ላይ ዋሸሁ፤ ይቅርታ።”

“ምን?” አለ ፋዲ ከውስጥ።

የሐዚም ፊት ቀላ። “ትናንት ሲጮህብኝ አጠገቤ ነበርሽ እኮ!”

“አዎ። ዝም አልኩ።”

“ሀዲዱን እንደገና እሠራዋለሁ” አለ ሐዚም። “ግን እንደ ሌባ ስታዩኝ…” አልጨረሰውም። ሄደ።

ዩስቲና አለቀሰች። እናቷ አጠገቧ ተቀመጠች። “እውነቱን መናገርሽ ጥሩ ነው፣ የኔ ልጅ። እሱ ግን ተጎድቷል። አታስቸኩዪው።” ፋዲም ወርዶ ሐዚምን ይቅርታ ጠየቀው።

ሐዚም በዚያ ሳምንት አልመጣም። ዩስቲና በየቀኑ የእግር ኮቴ ታዳምጥ ነበር። ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

“ባቡሩ ናግ ሐማዲ ላይ ዓባይን የሚሻገርበትን ድልድይ ብቻዬን አልችለውም” አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

“እኔ እሠራዋለሁ!”

“ከተማው ውስጥ እንደሠራሽው ቤት አጣመሽ እንዳትሠሪው ብቻ።”

ዩስቲና ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ሐዚምም ፈገግ አለ፤ አብረው ወደ ላይ ወጡ።

ልጆቼ፣ ስናጠፋ ጥፋታችንን በሌላው ላይ አንጫን፤ እውነቱን ተናግረን፣ ያስቀየምነውን ሰው ይቅርታ ጠይቀን፣ ያፈረስነውን ከእሱ ጋር እንሥራ።